በቀዘቀዘ ጽንስ ሕክምና ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና፦ ሥጋቱን የሚጨምሩ ምክንያቶች

ስቴፕቶ እና ኤድዋርድስ በ1976 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ከሰውነት ውጭ በተካሄደ ጽንሰት የተገኘ እርግዝና በማህፀን ቱቦ ውስጥ በመቀመጡ ሳይዘልቅ ቀርቷል። በቀጥታ ወደ ማህፀን የገባ ጽንስ እንዴት ቱቦ ውስጥ ሊገኝ ይችላል? ይህ ጥያቄ በቀዘቀዘ ጽንስ ሕክምናም ዛሬ ድረስ ይነሣል።

የተላለፈ ጽንስ ወዲያውኑ ከማህፀን ግድግዳ ጋር አይጣበቅም። በዚህ መካከል የማህፀን ጡንቻ መኮማተር ወደ ቱቦ ሊገፋው ይችላል። ጤናማ ቱቦ ጽንሱን ወደ ማህፀን መልሶ ያስወጣዋል፤ ጠባሳ ያለበት ወይም ውስጠኛ ሽፋኑ የተጎዳ ቱቦ ግን ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ከሁሉ የጎላው የሥጋት ምክንያት የቱቦ ጉዳት ነው። ጉዳቱም በክላሚዲያና በጨብጥ ከሚመጣ የዳሌ ውስጥ ኢንፌክሽን፣ ቀደም ሲል ከደረሰ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ወይም ከቱቦ ቀዶ ሕክምና ይመነጫል። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ኢንፌክሽን ያስከተለው የቱቦ ጉዳት ከመካንነት ዐበይት ምክንያቶች አንዱ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለእኛ ሐኪሞች የቅርብ ጉዳይ ነው። ሲጋራ ማጨስም ሥጋቱን ይጨምራል።

በብዙ ጥናቶች እንደ ታየው፣ ሥጋቱ በቀዘቀዘ ጽንስ ዝውውር ከትኩስ ጽንስ ዝውውር ያነሰ ነው። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ የሚከተለው ነው፦ እንቁላልን ለማብዛት የሚሰጠው መድኃኒት የኤስትሮጅንን መጠን እጅግ ከፍ በማድረግ የማህፀንና የቱቦ እንቅስቃሴን ያውካል፤ ጽንሱ ቀዝቅዞ ሲቆይ ግን ዝውውሩ ሆርሞኑ ወደ ልኩ ከተመለሰ በኋላ ይፈጸማል።

በቀዘቀዘ ጽንስ ሕክምና ውስጥም ቢሆን ልዩነት አለ። በአምስተኛው ቀን፣ ማለትም በብላስቶሲስት ደረጃ፣ የሚተላለፍ ጽንስ ለመጣበቅ የቀረበ በመሆኑ በሦስተኛው ቀን ከሚተላለፈው ይልቅ ሥጋቱ ያነሰ ነው። ከአንድ በላይ ጽንስ ማስተላለፍና የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን መሳሳትም ከሥጋቱ መጨመር ጋር ተያይዘው ይጠቀሳሉ።

ቱቦዎችን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ሥጋቱን ቢቀንስም ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ጽንሱ ቱቦው ከማህፀን በሚጋጠምበት ክፍል ሊያድግ ይችላል። በተጨማሪም ከአንድ በላይ ጽንስ ሲተላለፍ አንዱ በማህፀን፣ ሌላው በቱቦ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ በማህፀን ውስጥ እርግዝና መታየቱ ብቻ በቂ ማረጋገጫ አይሆንም። በመሆኑም የእርግዝና ሆርሞንን መከታተልና በብልት በኩል የሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራን በወቅቱ ማካሄድ፣ ቱቦው ከመፈንዳቱ በፊት ችግሩን ደርሶ ለማወቅና የእናትን ሕይወት ለማትረፍ ያስችላል።