አንበሳ ሲታመም መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው?

የእንስሳት ሐኪም መሆኔን የሚያውቁ ሰዎች ስለ አራዊት ማቆያ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። “አንበሳ ቢታመም እንዴት ነው የምታክሙት?” ይሉኛል። ብዙዎቹ በዓይነ ሕሊናቸው የሚታያቸው ማደንዘዣ የሚተኩስ ጠመንጃና በተኛ አንበሳ አጠገብ የተንበረከከ ሐኪም ነው። ይህ ሥራ በእርግጥ አለ። ነገር ግን የአራዊት ማቆያን የሕክምና ክፍል የሚመራ ሰው ዓመቱን የሚያሳልፈው በዚህ አይደለም። እንዲያውም ጠመንጃው በተደጋጋሚ የሚወጣ ከሆነ አስቀድሞ መሠራት የነበረበት ነገር ሳይሠራ ቀርቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የዘር ተመራማሪዎችን ትኩረት የሳቡ አንበሶች የተራቡት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ውስጥ ነው። ወደ እነሱ ከመመለሴ በፊት ግን የአራዊት ሕክምናን መምራት ምን ምን እንደሚያካትት ላስረዳ።

ሕመሙን የሚደብቅ በሽተኛ

የከብት ሐኪም ወደ ገበሬ ቤት ሲሄድ ባለቤቱ “ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ማመንዠክ አቁማለች” ብሎ ይነግረዋል። ሐኪሙም ላሟን አስይዞ ሙቀቷን ይለካል፣ ሆዷን ያዳምጣል። አንበሳን ወይም ቀጭኔን ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። ከዚያም በላይ የዱር እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል። በዱር ድካሙን ያሳየ እንስሳ ወይ በአዳኝ ይበላል ወይ በመንጋው ይገፋል። ስለዚህ መታመሙ በግልጽ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በሽታው ከጸና በኋላ ነው።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው መርማሪ ሐኪሙ ሳይሆን በየዕለቱ የሚመግበውና ግቢውን የሚያጸዳለት ተንከባካቢ ነው። አንዲት እንስት አንበሳ ትናንት ከቀረበላት ሥጋ ጥቂት ማስተረፏን፣ ዛሬ ጠዋት ከወትሮው ዘግይታ መነሳቷን፣ የኋላ እግሯን ቀስ አድርጋ መርገጧን የሚያስተውለው እሱ ነው። ያስተዋለውን ካልጻፈው ግን ነገሩ በማግስቱ ይረሳል። ስለሆነም የሕክምና ክፍል ኃላፊው አንዱ ትልቅ ሥራ መዝገብ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ምን ያህል በላች? ዓይነ ምድሯ ምን ይመስላል? ክብደቷ ስንት ነው? ከማን ጋር ተጣላች? በዓለም ዙሪያ ያሉ በርካታ ማቆያዎች ይህን መረጃ በጋራ የኮምፒዩተር መዝገብ ይለዋወጣሉ። ኮምፒዩተር በሌለበት ደግሞ ተራ ደብተርም ይበቃል። የሚጎዳው መዝገቡ ባዶ ሲሆን፣ ወይም ተንከባካቢው “አንድ ነገር ልክ አይደለም” ሲል የሚሰማው ሲያጣ ነው።

ሥጋ ብቻ ምግብ አይደለም

አንበሳ ሥጋ በል መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ በዱር ያለ አንበሳ የሚበላው ቀይ ሥጋ ብቻ አይደለም። የሆድ ዕቃውን፣ ጉበቱን፣ ቆዳውንና የሚችለውን ያህል አጥንት ይበላል። ለደቦል አጥንት የሌለው ጥሩ ሥጋ ብቻ ሲሰጠው የሰጪው ልብ ደግ ቢሆንም ውጤቱ ክፉ ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል። ይህን ሚዛን ለማስተካከል ሰውነቱ ካልሲየምን ከራሱ አጥንት ይወስዳል። በዚህም የደቦሉ እግር ይጎብጣል፣ ሲዘልም ሊሰበር ይችላል።

ጉበትም እንዲሁ ነው። የድመት ዘር የሆኑ እንስሳት እንደ ሰው ከካሮትና ከጎመን ቫይታሚን ኤ መሥራት ስለማይችሉ ያለቀለትን ከሌላ እንስሳ አካል ማግኘት አለባቸው። ይህ ቫይታሚን የጎደለው ደቦል የራስ ቅሉ አጥንት እየወፈረ አንጎሉን ይጫነዋል። ራሱን ያዘነብላል፣ ሲራመድም ይንገዳገዳል። ጉበት ሲበዛ ደግሞ ቫይታሚኑ ራሱ መርዝ ይሆናል። መጠኑን መወሰን የሐኪሙ ሥራ ነው።

ሥጋው ከየት እንደመጣም መታወቅ አለበት። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አንበሳን ሊገድል ይችላል። የከብት ሳንባ ነቀርሳም በሥጋ በኩል እንደሚተላለፍ በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ አንበሶች ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታይላንድ አንድ የነብር ማቆያ ውስጥ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ441 ነብሮች 147ቱ በበሽታው ሞተዋል ወይም ሥርጭቱን ለማቆም እንዲሞቱ ተደርጓል። የተጠረጠረው ምክንያት የቀረበላቸው ጥሬ የዶሮ ሥጋ ነበር። “ይህ ሥጋ አይገባም” የሚል ሥልጣን ያለው ሐኪም ከማንኛውም መድኃኒት በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጠመንጃው ሲወጣ

ማደንዘዝ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥርስ ይበሰብሳል፣ ቁስል ይሰፋል፣ እንስሳው ወደ ሌላ ቦታ ይጓጓዛል። ለአንበሳ በአብዛኛው ኬታሚን ከሌላ አስተኚ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። ለዝሆንና ለአውራሪስ የሚውለው ኤቶርፊን ደግሞ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ጥቂት ጠብታው የሰውን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ማርከሻው ተዘጋጅቶ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ተነግሮ ካልሆነ ጠርሙሱ አይከፈትም። ቀጭኔን ማደንዘዝ ከሁሉም ያስፈራል። አንገቱ ረጅም፣ የደም ግፊቱም ከፍተኛ በመሆኑ አወዳደቁ ራሱ ሊገድለው ይችላል።

አደጋው ይህን ያህል ስለሆነ ዛሬ ብዙ ማቆያዎች እንስሳውን አሠልጥነው በፈቃዱ እንዲመረመር ያደርጋሉ። እንስት አንበሳ ቁራጭ ሥጋ እየተሰጣት ጎኗን ወደ ፍርግርጉ አስጠግታ መተኛትን ትለምዳለች። ከዚያም ጅራቷ በመክፈቻ ወጥቶ ከጅራቷ ሥር ደም ይቀዳል። ይህን ለማስለመድ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከተለመደ በኋላ ግን ደሟን ለመመርመር ብቻ ማደንዘዝ አያስፈልግም።

ሞቶም ይመረመራል

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ሥራ የሞተን እንስሳ መመርመር ነው። በደንብ በሚመራ ማቆያ ውስጥ የሞተ እንስሳ ሁሉ፣ ትንሿ ወፍ ሳትቀር፣ ተከፍቶ የሞተበት ምክንያት ይጻፋል። የአንዱ ሞት ለተረፉት ትምህርት ይሆናል። አንዳንዴ ለሰውም ይተርፋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዮርክ ሰዎች በአንጎል ብግነት ሲታመሙ የጤና ባለሥልጣናት በወባ ትንኝ መሰል ነፍሳት የሚተላለፍ፣ ሴንት ልዊስ የተባለ የታወቀ በሽታ ነው ብለው ነበር። በዚያው ጊዜ በከተማው ቁራዎች፣ በብሮንክስ የአራዊት ማቆያም ፍላሚንጎዎችና ሌሎች ወፎች ይሞቱ ነበር። የማቆያው የፓቶሎጂ ኃላፊ ዶክተር ትሬሲ ማክናማራ ሬሳቸውን መርምረው ነገሩ እንደማይገጥም አስተዋሉ። የሴንት ልዊስ በሽታ ወፎችን እንዲህ አይገድልም። የወፎቹና የሰዎቹ በሽታ አንድ ሊሆን እንደሚችል ተከራክረው ናሙና ወደ ተለያዩ ላቦራቶሪዎች ላኩ። በመጨረሻም በሽታው ከዚያ በፊት በአሜሪካ ታይቶ የማያውቀው የዌስት ናይል ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ።

በሽታ ከሰው ወደ እንስሳም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በዚያው ማቆያ አንዲት ነብር በኮቪድ 19 መያዟ ታውቋል፤ የተላለፈባትም ከሠራተኛ ሳይሆን እንዳልቀረ ታምኗል። የቤት ውሻም ለአራዊት ጠንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ካናይን ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታ በሰሬንጌቲ ካሉት አንበሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉን ጨርሷል። በአገራችንም የባሌ ቀይ ቀበሮ በዚሁ በሽታና በእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ተጠቅቷል። ስለዚህ በማቆያው አጥር ሥር ያለች ቀዳዳ የግንበኛ ጉዳይ ብቻ ሳትሆን የሐኪሙም ጉዳይ ናት።

ሰባት አንበሶችና ዘራቸው

አሁን ወደ ስድስት ኪሎ እንመለስ። አንበሳ ግቢ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም የመሠረቱት አንበሶች አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች እንደነበሩ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት ከ15 የግቢው አንበሶች የተወሰደ ናሙና መርምሮ፣ ዘራቸው ለንጽጽር ከቀረቡ ሌሎች አንበሶች የተለየ መሆኑን አሳይቷል። እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸው ለዓይን ግልጽ ነበር። ጎፈር ግን በአየር ጠባይም ስለሚለዋወጥ ብቻውን ስለ ዘር አይመሰክርም። ጉዳዩን በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከዚህ ጥናት ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ፣ ዓለም አቀፍ የዜና ወኪሎች ሌላ ነገር ዘግበው ነበር። በግቢው የሚወለዱ ደቦሎች በቦታና በገንዘብ እጥረት ምክንያት በመርዝ እንዲሞቱ ይደረጋል የሚል ነው። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ መቆጣቱም ተገቢ ነበር። እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ግን ከደቦሎቹ መወለድ በፊት ያለው ጊዜ ነው። እንስት አንበሳ ከሦስት ወር ተኩል ገደማ እርግዝና በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ደቦሎች ትወልዳለች። ቦታው ሳይታሰብ ወንድና ሴት አብረው ከዋሉ የሚመጣው ይታወቃል። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ፣ ድስት ጥዶ ከማልቀስ ይሻላል።

መፍትሔዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ግን ዋጋ አለው። ወንዱን ማኮላሸት መውለድን ያስቆማል፣ ግን ጎፈሩ ይረግፋል። ጎፈሩ መለያው ለሆነ አንበሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዘር መተላለፊያ ቱቦውን ብቻ መቋጠር ጎፈሩን ያተርፋል። ለሴቷ ከቆዳ ሥር የሚቀበር የሆርሞን መድኃኒት አለ። ነገር ግን ቀድሞ በስፋት ይሠራበት የነበረው አንዱ ዓይነት በድመት ዘሮች ላይ ከማኅፀንና ከጡት ካንሰር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ሁሉንም ማቆም ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ከሰባት አንበሶች የተገኘ ጠባብ ዘር የሚወልደው ካነሰ ይጠፋል፣ ዘመዳሞቹ ከተዋለዱም ይዳከማል። ስለዚህ ማን ከማን፣ መቼና ስንት ይውለድ የሚለው በመዝገብ ተይዞ፣ ከሌሎች ማቆያዎች ጋር ተመካክሮ የሚወሰን የሕክምና ውሳኔ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው። የአራዊት ማቆያ ሐኪም እንስሳው ሲወድቅ ብቻ የሚጠራ ከሆነ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሥጋው ሲገዛ፣ አጥሩ ሲሠራ፣ አዲስ እንስሳ ሲመጣ፣ መዋለድ ሲታሰብ ቃሉ መሰማት አለበት፤ “አይሆንም” ሲልም የሚከበርለት መሆን ይገባዋል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተውን አንድነት ፓርክን የመሰለ፣ አራዊትም የሚታዩበት ሥፍራ አግኝታለች። ልጆቻችንን ይዘን ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ስንሄድ የፍርግርጉን ማማርና የአንበሳውን ግርማ አይተን ብቻ ባንመለስ ጥሩ ነው። ሥጋው ከየት እንደሚመጣ፣ ባለፈው ዓመት የሞቱት በምን እንደሞቱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ደቦል እንደታቀደ እንጠይቅ። መልሱ ከተጻፈ መዝገብ የሚነበብ ከሆነ በዚያ ቦታ ሕክምና አለ ማለት ነው።