ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ልጆቻችን

በሺንሺቾ በገበያ ቀን ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ሲመላለሱ የሚያይ ወጣት መሪ ለመጨበጥ ቢመኝ አያስደንቅም። ብዙ የከምባታና የሀዲያ ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚነጉድበት ዘመን፥ በአገሩ እንጀራ የሚያስገኝለትን ሙያ መሻቱን እኛም እንወድለታለን። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላ ልጅ መንጃ ፈቃድ አይሰጥም።

ወላጆች ዘወትር የሚጠይቁን ስለ ማሠልጠኛው ክፍያ ነው። ክፍያው ግን የወጪው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ የዓይንና የጤና ምርመራ አለ፥ የቃልና የተግባር ትምህርት አለ፥ ፈተና የወደቀም እንደ ገና ይመላለሳል። ማሠልጠኛው በሌላ ከተማ ሲሆን ደግሞ የመሳፈሪያና የማደሪያ ይጨመርበታል።

ለዚህ ሲል በሬውን የሸጠ አባት፥ የ16 ዓመት ልጁን ዕድሜ በወረቀት ላይ አስጨምሮ ለመላክ ሲፈተን አይተናል። ልጁን በ40 ቀኑ ያጠመቁት ካህን ግን ዓመቱን ያውቁታል! ደግሞስ ይህ ልጅ በመንገድ ሰው ቢገጭ፥ የሟች ቤተ ሰብ ለቅሶ በየትኛው በሬ ይካሳል?

የቀሩት ሁለት ዓመታት ለትምህርት ቤቱ ይሁኑለት። የመንገድ ምልክቶችን ለማጥናት ግን ዕድሜ አይጠየቅምና፥ ማታ ማታ በቤቱ ሊጀምር ይችላል።