የሚታጠፈው ላፕቶፕ ኪቦርዱ አልጽፍ ሲል፥ ስክሪኑም ሲዘቀዘቅ

በዕረፍት ጊዜ ወደ ፍኖተ ሰላም፥ ወደ ቡሬና በዙሪያቸው ወዳለው ባላገር ወርደን የሠርግ ዘፈን፥ ቀረርቶና ሙሾ የምንሰበስብ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። ከመካከላችን አንዳንዱ የሚይዘው ላፕቶፕ ስክሪኑ ወደ ኋላ ተቀልብሶ እንደ ታብሌት የሚያገለግለውን ዓይነት ነው። ዕቃው ለሥራው ምቹ ቢሆንም አንድ ዐመል አለው፤ ይኸውም አንዳንድ ጊዜ ኪቦርዱ ፈጽሞ አልጽፍ ይላል፥ ወይም ስክሪኑ ተዘቅዝቆ ይቀራል። ባለቤቱም ደንግጦ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። እዚያም «ፎርማት ይደረግ» ከተባለ የብዙ ወር ድካም በአንድ ሰዓት ይጠፋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ስለዚህ መፍትሔውን በወረቀት ይዞ መውረድ ይበጃል።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንመልከት። በጽሕፈት መኪና ጣት ከመታ ፊደሉ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። በሚታጠፈው ላፕቶፕ ግን በጣትና በፊደል መካከል አንድ ዳኛ ተቀምጧል። ስክሪኑ ሲቀለበስ ኪቦርዱ ከሥር ስለሚውል፥ ጉልበት ሲነካው ያለ ፈቃድ እንዳይጽፍ ላፕቶፑ ራሱ ይዘጋዋል። መቀልበሱን የሚያውቀው በሴንሰር ነው፤ የአንዳንዱ ሴንሰር ማግኔት ይለያል፥ የሌላው ዘንበል ማለትን ይለካል። ስክሪኑን የሚያዞረውም ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ነው። እንግዲህ ሴንሰሩ ከተታለለ ኪቦርዱ ደኅና ሳለ ይዘጋል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቅደም ተከተሉ እነሆ፦

1ኛ፤ ማግኔት ያለበትን ነገር ሁሉ ማራቅ፤ ይኸውም የስልክ ቦርሳን፥ የጆሮ ማዳመጫን፥ ድምፅ ማጉያን ነው። ባረፍንበት ቤት መደብ ላይ ከሬዲዮ ጎን አስቀምጠነው እንደሆነ እናንሣው፤ በሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለና።

2ኛ፤ ስክሪኑን በዝግታ እስከ መጨረሻው ቀልብሶ መመለስ። እምቢ ካለ የተጀመረውን ጽሑፍ በንክኪ ሴቭ አድርጎ፥ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ፈጽሞ ማጥፋትና እንደገና ማብራት።

3ኛ፤ የቀኙ ሺፍት 8 ሴኮንድ ተጭኖ ከቆየ ዊንዶውስ «ፊልተር ኪይስ» የሚባለውን ላብራ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሳያስተውሉ እሺ ካሉት ኪቦርዱ በፍጥነት ለሚጽፍ ሰው የሞተ ይመስላል። በሴቲንግ ውስጥ ይጠፋል። ቁልፎቹ እየጻፉ አማርኛው ብቻ ከጠፋ ደግሞ የዊንዶውስን ቁልፍና ስፔስን አብሮ መጫን ቋንቋውን ይለውጣል።

4ኛ፤ ስክሪኑ ተዘቅዝቆ ከቀረ ሴቲንግ፥ ቀጥሎ ሲስተም፥ ቀጥሎ ዲስፕሌይ ገብቶ «ላንድስኬፕ» የሚለውን መምረጥ። ከዚያ በታብሌት ቅርጽ ሳለ «ሮቴሽን ሎክ» የሚለውን ማብራት። ይህ መቆለፊያ በላፕቶፕ ቅርጽ ጊዜ ደብዝዞ አልነካ ቢል ብልሽት አይደለም፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ በራሱ ስለማይዞር ነው።

5ኛ፤ ላፕቶፑ ሲነሣ ባዮስ የሚባለውን ገጽ ከፍቶ ቁልፎቹን መሞከር፤ በብዙዎቹ የሚከፈተው በኤፍ 2 ወይም በዲሊት ነው። ቁልፎቹ እዚያ ከሠሩ ኪቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የዊንዶውስ ወይም የድራይቨር ነው። ያን ጊዜ በዲቫይስ ማኔጀር ኪቦርዱን አንኢንስቶል አድርጎ ሪስታርት ማድረግ ነው፤ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ራሱ ይመልሰዋል። ባዮሱን መክፈት ካልተቻለ ወይም እዚያም ካልሠሩ ኪቦርዱ፥ ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ይጠረጠራል፤ ለዚህ ፎርማት ምንም አይፈይድም።

በሁለቱም መንገድ ፎርማት የመጀመሪያው መድኃኒት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ለጥገና ከመላክ በፊት በንክኪ፥ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድ ተውሶ ሥራውን ሁሉ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይገባል። ላፕቶፕ በገንዘብ ይተካል። ሙሾውን የነገሩን እናት ግን ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ድምፃቸውን ሁለተኛ ለመቅዳት ስንመለስ ላናገኛቸው እንችላለን።