ምድጃ በሌለበት ዶርም ምን ይበላል?

ሰሞኑን እህቴ ቤት ስሄድ ሳሎኑ መካከል አንድ ትልቅ ሻንጣ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። የመጀመሪያ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ በሳምንቱ መጨረሻ ልትጓዝ ነው። የሻንጣውን ግማሽ የያዘው ልብስ ሳይሆን ምግብ ነው፤ አምስት ኪሎ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንድ ካርቶን ብስኩት። ከሁሉም በታች ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተቀምጣለች። «ሽሮዋን እዚያው ሠራ እያደረገች ትበላለች» አለችኝ እህቴ።

መጀመሪያ ከሻንጣው የወጣችው ምድጃዋ ናት። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ መኝታ ክፍሎች ውስጥ ምድጃም ሆነ የውሃ ማፍያ ሂተር መጠቀም በአብዛኛው የተከለከለ ነው። ፕሮክተሩ ካገኘው ይወስደዋል። ክልከላው ግን ለማስቸገር የወጣ አይደለም። ስድስትና ስምንት ተማሪ በሚያድርበት ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ስፖንጅ ፍራሽና የተሰቀለ ልብስ ባለበት፣ አንድ ሶኬት ላይ ስልኩም ላፕቶፑም ምድጃውም ሲሰካ ሽቦው ይግላል። ሌሊት ላይ እሳት ቢነሳ የሚጎዳው ምድጃውን የሰካው ልጅ ብቻ አይሆንም። ምድጃዋ ስትቀር ሽሮውና በርበሬው አብረዋት ይቀራሉ።

ቀሪውን ከማየታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል። ተማሪዋ ዶርም ውስጥ ምግብ የሚያስፈልጋት ለምንድን ነው? በካፌ የምትመገብ ከሆነ ቁርስ፣ ምሳና ራት አላት። ችግሩ ያለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ራት በጊዜ ተበልቶ ጥናቱ እስከ እኩለ ሌሊት መዝለቁ ነው። ሁለተኛው የካፌ ምግብ በአብዛኛው እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ዳቦ በሻይ፣ ሩዝና ማካሮኒ መሆኑ ነው። ሆድ ይሞላል፤ ፍራፍሬና አትክልት ግን እምብዛም አይታይበትም። ወላጆች ደግሞ በፍቅር የሚጭኑት ያንኑ የእህል ዘር ነው። ከዳቦ ላይ ዳቦ ቆሎ፣ ከዳቦ ቆሎ ላይ ብስኩት ይደርባሉ። ሎከር ውስጥ መግባት ያለበት ካፌው የማይሰጠው ቢሆን ይመረጣል። ነን ካፌ ሆነው ገንዘቡን በእጃቸው የሚቀበሉ ተማሪዎችማ ይህን ከማንም በላይ ሊያስቡበት ይገባል፤ ወሩ አጋማሽ ላይ ገንዘቡ ሲያልቅ የሚደርሱላቸው የሎከር እቃዎች ናቸውና።

በሶን ግን ከዳቦ ቆሎና ከብስኩት ጋር አንድ ላይ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ተቆልቶ የተፈጨ በመሆኑ ምድጃ አይፈልግም፤ በደረቅ ቦታ ለወራት ይቆያል። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የአሰር ዓይነት አለው። ይህ አሰር ምግቡ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። በሶ ቶሎ የማያስርበው ለዚህ ነው። ጉድለቱ ፕሮቲን ላይ ነው። 100 ግራም በሶ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 10 ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ይህን የሚሞላው ጥራጥሬ ነው። በ100 ግራም ውስጥ የተቆላ ሽምብራ 20 ግራም፣ ለውዝ ደግሞ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይይዛሉ። ሰውነቱ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን የሚያስፈልገው 50 ግራም አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ እናቶች በሶውን ሲያዘጋጁ ተቆልቶ የተፈጨ ሽምብራ ወይም ለውዝ ቢቀላቅሉበት፣ ያው ከረጢት የበለጠ ምግብ ይዞ ይሄዳል። ተልባም ጥሩ ነው። ሳይፈጭ ከተበላ ግን አብዛኛው እንዳለ ይወጣል፤ ተፈጭቶ ብዙ ከቆየም ዘይቱ ይሻግታል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ አስፈጭቶ ቶሎ መጨረስ ይበጃል። በበሶው ላይ የሚጨመር ስኳርም ይሁን ማር ሁለቱም ስኳር ናቸውና በልክ ይሁን።

የበሶ አደጋ ያለው ከበሶው ሳይሆን ከውሃው ነው። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በፈተና ሰሞን ማታ በቧንቧ ውሃ የበጠበጥኩትን በሶ ግማሹን ጠጥቼ፣ ቀሪውን በፕላስቲክ ጠርሙስ አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ጠዋት ጨረስኩት። ሦስት ቀን ከመጸዳጃ ቤት አልራቅኩም፤ አንድ ፈተናም አመለጠኝ። በሶ ደረቅ ሳለ ተህዋሲያን አይራቡበትም። ውሃ ሲነካው ግን እንደማንኛውም እርጥብ ምግብ ነው። የሚበጠበጠው ለአንድ ጊዜ የሚጠጣውን ያህል ብቻ መሆን አለበት።

ውሃው በፋብሪካ የታሸገ፣ ወይም በክሎሪን የውሃ ማከሚያ ታክሞ በመመሪያው መሠረት 30 ደቂቃ የቆየ፣ ወይም የፈላ ይሁን። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆኑ ከተሞች ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ምድጃ በሌለበት የፈላ ውሃ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ነው የፔርሙዝ ጥቅሙ። ማታ ከላውንጅ ወይም ከግቢው በር ካለች ሻይ ቤት የፈላ ውሃ ሞልቶ መመለስ ይቻላል። በዚያ ውሃ ላይ የዱቄት ወተት ይበጠበጣል። ለገበያ የሚቀርበው የተዳጠ አጃም በክዳን ኩባያ ሙቅ ውሃ ፈስሶበት ለአሥር ደቂቃ ቢቆይ ለስልሶ ይበላል። ከሻንጣው ለወጣችው ምድጃ ምትክ የገባው ይኸው ፔርሙዝ ነው።

ለውዝን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እርጥበት ባለበት የተቀመጠ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል፤ ቢቆሉትም ሆነ ቢያበስሉት በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውንና የመረረውን ለውዝ ለይቶ መጣል እንጂ «ይቆላልና ምንም አይል» ብሎ መብላት አይገባም። ቆሎውም በሶውም ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ወይም ባልዲ ይቀመጥ። ፌስታል በረሮንም አይጥንም አያቆምም። እርጥብ ማንኪያም ጣሳ ውስጥ አይግባ።

ፍራፍሬን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት መመገብን ይመክራል። ብዙ ይመስላል። ሁለት ሙዝ፣ አንድ ብርቱካንና አንድ ካሮት ግን ወደዚያው ይጠጋሉ። ሦስቱም ማቀዝቀዣ አይፈልጉም፤ ተልጠው የሚበሉ ስለሆኑም የብክለት ስጋታቸው አነስተኛ ነው። ከመላጣቸው በፊት እጅንም ፍሬውንም ማጠብ ግን አይቀርም። ሎሚም ለሳምንታት ይቆያል። አርባ ምንጭ የተመደበ ተማሪ ሙዝ በደጁ ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ደግሞ ብርዱ ራሱ እንደ ማቀዝቀዣ ያገለግለዋል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የሚሄድ ልጅ ግን ጭኮውን ባይዝ እመርጣለሁ። በዚያ ሙቀት ቅቤው ይቀልጣል፣ ቶሎም ይሻግታል። ደረቅ በሶ ይዞ መሄድ ይሻለዋል።

የበሰለ ምግብ ከካፌ በምሳ ዕቃ አምጥቶ ለማታ ማቆየት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ቢቀር ይሻላል። የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም። የተቀቀለ እንቁላልም ከነቅርፊቱ ገዝቶ ወዲያው መብላት እንጂ ለነገ ማሳደር አይመከርም። የሰርዲን ቆርቆሮም አንዴ ከተከፈተ በዚያው ይለቅ። ከዶርም ጓደኞች ጋር በዳቦ መካፈል ነው፤ ማንም እምቢ አይልም።

ለሴት ተማሪዎች የብረት ማዕድን ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። በወር አበባ ምክንያት የሚያጡት ደም ስላለ ከወንዶች የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። ምስርም ሽሮም ብረት አላቸው፤ ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ያግዳል። ሻዩን አንድ ሰዓት ማዘግየት፣ ከምስሩ ጋርም ብርቱካን ወይም ሎሚ መውሰድ ይረዳል። ደረጃ ሲወጡ ልብ የሚመታባት፣ ድካምና ማዞር የማይለቃት ተማሪ ግን በምግብ ብቻ ልታክመው አትሞክር፤ የግቢው ክሊኒክ ሄዳ ደሟን ትመርመር።

የጨጓራ ሕመምም እንዲሁ ነው። ተማሪው ሁሉን በበርበሬው ያሳብባል። የጨጓራ ቁስለት ዋና መንስኤዎች ግን ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ራስ ምታት በመጣ ቁጥር በባዶ ሆድ ክኒን መዋጥ፣ ቁርስ ዘልሎ ቡና ላይ ቡና መደረብ ሕመሙን ያባብሳል። ሰገራ ከጠቆረ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ስለ ለስላሳ መጠጥና ኢንዶሚ ብዙ አልልም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል፤ የኢንዶሚ ቅመም ደግሞ ጨው የበዛበት ነው። አልፎ አልፎ ይሁን፤ በየሌሊቱ አይሁን።

የእህቴን ሻንጣ ማታ ላይ እንደገና አሰናዳነው። በሶው ሦስት ኪሎ ሆኖ አንድ ኪሎ የተፈጨ ሽምብራ ተቀላቀለበት። ብስኩቱ ለታናናሾቿ ቀረ። ሁለት ኪሎ የተለቀመ ለውዝ፣ ሁለት ክዳናቸው የሚገጥም ጣሳዎች፣ የዱቄት ወተት፣ የውሃ ማከሚያና ፔርሙዙ ገቡ። ድርቆሹን ላስወጣ ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ። እኔም አልተከራከርኩም፤ ድርቆሹ አብሯት ሄደ።