ስለ ነፍሰ ጡሮች የጤና ዋስትና በጅቡቲ ከተማ

በጅቡቲ አገር ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን የጤና ዋስትና ሕግ የወጣው በ2006 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014) ነው። ዋስትናውም ሁለት በር አለው። አንደኛው መዋጮ ለሚከፈልለት ሠራተኛና ለቤተ ሰቡ የቆመ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዐቅም ያነሰው ድኻ በመንግሥት ወጪ የሚታከምበት ነው።

ይሁን እንጂ የሕጉ መውጣት ብቻውን ያልተመዘገበውን አይጠቅምም። ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ደም የሚፈሳት ወላድም ገንዘብ ወይም ወረቀት እስኪፈለግ ድረስ የምትቆይበት ጊዜ የላትም። ስለዚህ በባልባላም ሆነ በሌላው ሰፈር የሚገኝ የጤና ሠራተኛ ለምርመራ የመጣችውን ነፍሰ ጡር የደም ግፊቷን ሲለካ የዋስትና ካርድ እንዳላት ሊጠይቃት፣ ከሌላትም ወደሚመዘገቡበት ጽሕፈት ቤት ሊመራት ይገባል። ይህ አስቀድሞ ከተፈጸመ ዳር ኤል ሐናን ማዋለጃ ሆስፒታል በደረሰች ጊዜ የሚቀራት መውለድ ብቻ ይሆናል።