የሹራብና የዳንቴል ክር አመራረጥና አለካክ

ሹራብ ሠሪ ከሸማኔ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሸማኔ ድሩን ሲወጥር የልብሱ ርዝመትና ወርድ አብሮ ይወሰናል፤ ምን ያህል ፈትል እንደሚፈጅም ከጅምሩ ሊገምት ይችላል። ሹራብ ሠሪ ግን አንዱን ዓይን ከሌላው እያያያዘ ከአንድ ክር ልብስ የሚያወጣ በመሆኑ፣ ክሩ ማነሱን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ሥራው ሳያልቅ ክሩ ሲያልቅበት ነው። በዚያን ጊዜ ፊትና ጀርባው ተሠርቶ አንድ እጅጌ የቀረው ሹራብ ይዞ ገበያ ለገበያ መዞር ይመጣል። ሥራው የሚጠይቀውን ክር አስቀድሞ ማወቅ የሚቻልበት ዘዴ ስላለ፣ ይህ ችግር ሊወገድ የሚችል ነው።

ወደ ክር መሸጫ የሚገባ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በቀለም ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከቀለሙ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ልብሱ ለማንና ለየትኛው አየር እንደሚሠራ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን የምትኖር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄደው ታናሽ ወንድሟ ሹራብ ልትሠራ አሰበች እንበል። ለክር መግዣ የተሰጣት ገንዘብ ውሱን ነው፤ ቢጎድል የሚጨምርላት የለም። እንግዲህ ይህች ተማሪ ምን ዓይነት ክር ትምረጥ? ስንት ጥቅልስ ትግዛ?

ለብርድ አገር ሱፍ የሚወዳደረው የለም። የበግ ፀጉር በተፈጥሮው ጥቅልልና ዘርዛራ ስለሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ለባሹን የሚያሞቀውም ይኸው የታሰረው አየር ነው። ከዚህም በላይ ሱፍ ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ቢጠጣ እንኳ ገላ ላይ የእርጥበት ስሜት አያሳድርም። በአገራችን የመንዝ በግ ሱፍ በእጅ እየተፈተለ በሸማኔ እጅ በርኖስና ዝተት ሲሆን ኖሯል። የዚህ በግ ፀጉር ግን ሻካራና ጠንካራ በመሆኑ ከላይ ለሚደረብ ልብስ እንጂ አንገትን ለሚነካ ሹራብ አይመችም፤ ያሳክካል። ለሹራብ የሚፈለገው እንደ ሜሪኖ ካለ የበግ ዘር የሚገኘው ቀጭን ሱፍ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ያለ ነው። ሱፍ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በሙቅ ውኃ ታሽቶ ሲታጠብ በፀጉሩ ገጽ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ልብሱን ማኮማተራቸው ነው። እንዲህ የተኮማተረ ሹራብ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም።

ጥጥ በተቃራኒው ሲረጥብ የሚበረታ ነው። በዚህም ምክንያት ደጋግሞ ለሚታጠብ ነገር ሁሉ፣ በተለይም ለዳንቴል፣ ተመራጭ ሆኗል። ሆኖም ከተለጠጠ በኋላ ወደ ቦታው የመመለስ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ፣ በጥጥ የተሠራ ትልቅ ሹራብ በራሱ ክብደት እየተጎተተ ይረዝማል።

ሦስተኛው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ከእነዚህም መካከል አክሪሊክ የተባለው፣ ዱፖንት የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 «ኦርሎን» በሚል ስም ለገበያ ማምረት ከጀመረ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ቀላል ነው፤ ብል አይበላውም። ነገር ግን እሳት ሲነካው ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ሱፍ በአንጻሩ በቀላሉ አይቀጣጠልም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ በምድጃና በከሰል ዙሪያ ለሚውል ሕፃን የሚሠራ ልብስ በርካሽነቱ ብቻ ከአክሪሊክ መሠራት የለበትም።

በገበያ ላይ መለያ ወረቀት የሌለው ክር ሲያጋጥም፣ ከምን እንደተሠራ የሚታወቀው በእሳት በመፈተን ነው። ጣት የሚያህል ቁራጭ ክር በብረት መቆንጠጫ ተይዞ፣ ውኃ በያዘ ሳሕን ላይ በክብሪት ይለኮሳል። ሱፍ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ጥጥ ከሆነ የሚሸተው እንደ ተቃጠለ ወረቀት ሲሆን፣ ቀለል ያለ ግራጫ አመድ ይተዋል። አክሪሊክ ከሆነ ግን እየቀለጠ ይነድድና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። (ይህ ፈተና መቼም ቢሆን ከመሸጫው መደርደሪያ አጠገብ መደረግ የለበትም፤ ብቻን ሆኖም አይሞከርም።)

የክሩ ዓይነት ከተወሰነ በኋላ የሚመጣው የውፍረቱ ጉዳይ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የሹራብ ክር ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ነጠላ ፈትል ተገምዶ የሚሠራ ነው። ብዙዎች «ባለ አራት ግምድ» የሚለውን ሲሰሙ ክሩ ወፍራም ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከሁለት ወፍራም ፈትሎች የተገመደ ክር ከአራት ቀጫጭን ፈትሎች ከተገመደው ሊወፍር ስለሚችል፣ የግምዱ ቁጥር አስተማማኝ መለኪያ አይደለም። የሚሻለው በ50 ግራም ጥቅል ውስጥ ስንት ሜትር ክር እንዳለ ማየት ነው። በ50 ግራም 200 ሜትር ያህል የሚወጣው ክር ቀጭን ሲሆን ለሕፃናት ልብስና ለካልሲ ይሆናል፤ 110 ሜትር ያህል የሚወጣው መካከለኛ ነው፤ 60 ሜትር ገደማ ብቻ የሚወጣው ግን ወፍራም ነው። ለተማሪዋ ሥራ መካከለኛው ክርና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሹራብ መርፌ ይስማማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ማንኛውም ሹራብ ከመጀመሩ በፊት በዚያው ክርና በዚያው መርፌ ስፋቱም ቁመቱም 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የናሙና ቁራጭ ይሠራል። ቁራጩ ታጥቦ፣ ሳይጎተት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ከዚያም በመካከሉ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን፣ ወደ ላይም ስንት ረድፍ እንዳለ ይቆጠራል። ልኩ ከጠርዝ የማይወሰደው የጠርዙ ዓይኖች ስለሚዛቡ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ እንደ ጊዜ ማባከን ይቆጥረዋል፤ በተለይ ጀማሪዎች ልብሱን ቶሎ ለማየት ስለሚጓጉ ይዘሉታል። ነገር ግን የሰው እጅ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ክሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ያላላል። በመጽሐፍ ወይም በመለያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ልክ የሌላ ሰው እጅ ልክ ነው።

የተማሪዋ ናሙና በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዓይን ሆነ እንበል። የወንድሟ ደረት ዙሪያ 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ልብሱ እንዳይጣበቅ 8 ሲጨመርበት 88 ይሆናል። የፊቱ ወርድ የዚህ እኩሌታ፣ ማለትም 44 ሳንቲ ሜትር ነው። 44 በ22 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 96.8 ስለሚሰጥ፣ 97 ዓይን ትጀምራለች። ናሙና ሳትሠራ፣ «መለያ ወረቀቱ 22 ይላል» ብላ በ97 ዓይን ብትጀምርና እጇ ላላ ብሎ በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ዓይን ብቻ ቢወጣ፣ የፊቱ ወርድ 48.5፣ ዙሪያውም 97 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሁለት ዓይን ልዩነት ሹራቡ 9 ሳንቲ ሜትር ሰፋ ማለት ነው። ሹራቡ ለታላቅ ወንድሙ ይሆን ይሆናል፤ ለታሰበለት ልጅ ግን አይሆንም።

ያው ናሙና የክሩን መጠንም ይነግረናል። ቁራጩ ከተለካ በኋላ ተፈትቶ፣ የወጣው ክር በሜትር ይለካል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የተፈታ ክር የተጨማደደ ስለሆነ እስኪቃና ድረስ ብቻ ተይዞ ይለካል እንጂ አይጎተትም። የተማሪዋ ቁራጭ ስፋት 15 በ15፣ ማለትም 225 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲፈታም 21 ሜትር ክር ወጣው። ቀጥላ የሹራቡን ስፋት ታሰላለች። ፊቱና ጀርባው እያንዳንዳቸው 44 በ56 ስለሆኑ በአንድነት 4,928 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። እጅጌው ከታች 22፣ ከላይ 36 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አማካይ ወርዱ 29 ነው፤ በ44 ቁመት ሲባዛ 1,276፣ ለሁለቱ እጅጌዎች 2,552 ይሆናል። ጠቅላላው 7,480 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ለ225 ተካፍሎ በ21 ሲባዛ 698 ሜትር ያህል ይሰጣል። ለአንገት፣ በወገብና በእጅጌ ጫፍ ለሚገባው የሚሳብ ጠርዝና ለመገጣጠሚያ ስፌት አንድ አሥረኛ ሲጨመርበት 768 ሜትር ይሆናል።

በአንድ ጥቅል 110 ሜትር ካለ፣ 768 ለ110 ሲካፈል 7 ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል። እንዲህ ሲሆን 7 ጥቅል መግዛት ያጓጓል፤ በሒሳብም ይበቃል። በተግባር ግን አንድ ጥቅል ቋጠሮ ያለበት ወይም ከተጻፈበት ልክ ጥቂት ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የሚገዛው 8 ነው። ነጋዴው ያልተከፈተውን ጥቅል የሚመልስ ከሆነ ደግሞ ይህን አስቀድሞ ተነጋግሮ 8ኛውን መውሰድ ከሁሉ ይሻላል።

ከዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መጥቀስ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ክር የሚጠይቀው በክብደት ነው፤ «350 ግራም ይበቃል» ይላል። ነገር ግን ጥጥ ከሱፍ፣ ሱፍም ከአክሪሊክ የከበደ ስለሆነ፣ ውፍረታቸው እኩል ቢሆንም በ50 ግራም ውስጥ የሚገኘው ርዝመት እኩል አይሆንም። በአክሪሊክ 350 ግራም የበቃው ሹራብ በጥጥ ክር ሲሠራ በዚያው ክብደት ሳያልቅ ይቀራል። ስለሆነም ክር በክር ሲተካ የሚመሳከረው ሜትር ከሜትር ጋር ነው።

ዳንቴልን በሚመለከት ስሌቱ ያው ሆኖ ሁለት ነገሮች ይለያሉ። አንደኛ፣ በኪሮሽ የሚሠራ ጥቅጥቅ ያለ ሥራ ክሩን እያጠላለፈ ስለሚያስር፣ በዚያው ክር ከተሠራ ሹራብ ይልቅ ብዙውን ጊዜ የበለጠ ክር ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ዳንቴል አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፤ የክብ ስፋት ደግሞ ዓይንን ያታልላል። ከመሐል ለመሐል ሲለካ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የረከቦት ልብስ አንድ ልቃቂት ክር ከፈጀ፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሁለት የሚፈጅ ይመስላል። የሚፈጀው ግን አራት ነው፤ ወርዱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። እየተገጣጠሙ ለሚሠሩ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ግን ሒሳቡ ቀላል ነው። 120 በ90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የጠረጴዛ ልብስ 10 በ10 የሆኑ 108 ቁርጥራጮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ሠርቶና ፈትቶ የለካ ሰው የቀረውን በማባዛት ያገኘዋል።

በመጨረሻ ስለ ቀለም። ፋብሪካ ክርን በአንድ ጊዜ ነክሮ አይጨርስም፤ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር፣ የቀለሙ ስም አንድ ቢሆንም፣ ጥቂት ይደምቃል ወይም ይፈዝዛል። በመለያ ወረቀት ላይ የሚታተመው የንክር ቁጥር የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ በመሸጫው ውስጥ አይታይም፤ ልብሱ ተሠርቶ በፀሐይ ሲለበስ ግን ደረቱ ላይ እንደ መስመር ተሰምሮ ይወጣል። ስለዚህ ለአንድ ልብስ የሚሆነው ክር በሙሉ በአንድ ቀን፣ የንክር ቁጥሩ እየታየ ይገዛል። ቁጥራቸው የተለያየ ጥቅሎችን ከመግዛት በቀር አማራጭ ከሌለ፣ ከአንዱ ጥቅል ሁለት ረድፍ፣ ከሌላው ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እንዳይታይ ያደርጋል። በቱባ የተገዛ ክር ወደ ልቃቂት ሲጠቀለል ላላ ተደርጎ ይጠቀለል፤ ተወጥሮ የተጠቀለለ ሱፍ ተለጥጦ ይቆይና ልብሱ ከታጠበ በኋላ ይሰበሰባል። የሚተርፈውም ክር ከመለያ ወረቀቱ ጋር ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ልጁ ሹራቡን ለብሶ በጠረጴዛ ላይ ሲደገፍ አስቀድሞ የሚሳሳው ክርኑ ነው፤ እሱን ለመጠገን ያንኑ ክር የሚተካ የለም።