ከካታሎጉ እስከ ፕሪንተሩ፦ ኮምፒውተር በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት

ኮምፒውተር በቤተ መጻሕፍት ከተሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የካታሎግ ሥራ ነው። በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ትሠራ የነበረችው የኮምፒውተር ባለሙያ ሄንሪየት አቭራም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጽሐፍን ርዕስ፣ ደራሲና የመደርደሪያ ቁጥር ማሽን ሊያነበው በሚችል ቅርጽ የሚመዘግብ ሥርዓት ዘረጋች። ማርክ የሚባለው ይህ ሥርዓት ዛሬም የቤተ መጻሕፍት ካታሎጎች መሠረት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት የተሠራው ኮሃ የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ተለቀቀ። የፈቃድ ክፍያ ስለማይጠይቅ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ይገለገሉበታል። በመሳቢያ ውስጥ በካርድ ይፈለግ የነበረው መጽሐፍ አሁን በኪቦርድ ይፈለጋል፤ ተማሪው ኮል ነምበር የሚባለውን መለያ ከስክሪኑ ላይ ገልብጦ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል።

በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደሉን ኮድ እንጂ ድምፁን አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ በንባብ አንድ ቢሆኑም በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አሏቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በመሆኑም ሥርዓቱ ሞክሼዎቹን ፊደላት እንዲያመሳስል ካልተደረገ በቀር የደራሲውን ስም «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብሎ የጻፈ ተማሪ መጽሐፉን ሲያገኝ «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ የጻፈው ባዶ ስክሪን ይጠብቀዋል። መጽሐፉ የለም ማለት ግን አይደለም። በላቲን ፊደል የተመዘገቡ የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ አንዱን ስም አንዱ መዝጋቢ በአንድ መንገድ ሌላው በሌላ መንገድ ጽፎት ይገኛል። በውጭ አገር የጥናት ቋቶች ውስጥ ደግሞ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር የኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ሥራ በአባቱ ስም ሥር ተመድቦ ይቀመጣል። ስለዚህ በአማርኛ ካታሎግ ሙሉ ርዕሱን ከመጻፍ ይልቅ ሞክሼ ፊደል የሌለበትን አንድ ቃል ብቻ አስገብቶ መፈለግ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ያም ካልሠራ ካታሎጉን የሚያውቁት የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያዎች አሉ፤ አንባቢን መርዳት የሥራቸው አካል ስለሆነ ማንም እነሱን ለመጠየቅ ሊያፍር አይገባም።

ከመጻሕፍቱ ቀጥሎ መጽሔቶች ይመጣሉ። ዓለም አቀፍ የጥናት መጽሔቶች እጅግ ውድ ናቸው፤ አንድ ተማሪ በግሉ ገዝቶ ሊዘልቃቸው አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ሂናሪ በሚል ስም የጀመረው መርሐ ግብር የሕክምና ጥናቶችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያቀርባል። በ2003 የግብርናው አጎራ፣ በ2006 የአካባቢ ጥበቃው ኦሬ ተከትለው ዛሬ ሁሉም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚለው ስም ሥር ተሰባስበዋል። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ናት። እነዚህ ቋቶች ተጠቃሚውን የሚለዩት በዩኒቨርሲቲው የኔትወርክ አድራሻ ወይም ለተቋሙ በተሰጠ የይለፍ ቃል ነው። በግቢው ዋይፋይ የተከፈተው ጽሑፍ እቤት በሞባይል ዳታ ሲሞከር «ክፈል» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ከግቢ ውጭ ሆኖ ለመግባት የሚያስችል መንገድ መኖሩን ቤተ መጻሕፍቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብዙ ተማሪ ሳያውቀው ይመረቃል።

የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር የጋራ መሆኑም አይዘነጋ። ኢሜይሉን ሳይዘጋ የተነሣ ሰው የግል ጉዳዩን ለቀጣዩ ተጠቃሚ ትቶ ሄዷል፤ ብራውዘሩ «የይለፍ ቃሉን ላስታውስ?» ሲል መልሱ ምንጊዜም አይሆንም ነው። ፍላሽም ቫይረስን ከማሽን ማሽን ያመላልሳል። ፋይሎች ድንገት ጠፍተው በቦታቸው ሾርትከት ብቻ ከታየ ያንን ሾርትከት መክፈት ቫይረሱን ማስነሣት ነው። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው ስላልሆነ ፎርማት ከማድረግ በፊት ለባለሙያ ማሳየት ያዋጣል። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ደግሞ በየአንቀጹ ሴቭ ያደርጋል።

የተማሪውን ትዕግሥት ይበልጥ የሚፈትነው ፕሪንተሩ ነው። በቤተ መጻሕፍት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሌዘር ፕሪንተር ነው፤ የመጀመሪያውን የሠራው ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለ የዜሮክስ መሐንዲስ ሲሆን ጊዜውም 1971 እ.ኤ.አ. ነበር። የሌዘር ብርሃን በሚሽከረከር ድራም ላይ የጽሑፉን መልክ በኤሌክትሪክ ይሥላል፤ ቶነር የሚባለው ደቃቅ ዱቄት በዚያ መልክ ላይ ተጣብቆ ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል፤ ከዚያም ወረቀቱ በጋሉ ሮለሮች መካከል ሲያልፍ ዱቄቱ ቀልጦ ይጣበቃል። ከፕሪንተር የወጣ ወረቀት የሚሞቀው ለዚህ ነው። የተጨማደደ ወይም እርጥበት የነካው ወረቀት በሮለሮቹ መካከል ይቀረቀራል፤ በኃይል ጎትቶ ማውጣትም ማሽኑን ይጎዳል።

የፕሪንት ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ማሽኑ አይሄድም፤ በኔትወርኩ ላይ ተራ ይይዛል። ወረቀቱ ዘገየ ብሎ የፕሪንት ቁልፉን አምስት ጊዜ የተጫነ ሰው አምስት ቅጂ አዟል። ሌላው የተለመደ መሰናክል የወረቀት ልክ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ኤፎር 210 በ297 ሚሊ ሜትር ሲሆን አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት ሌተር ደግሞ 216 በ279 ነው። ጽሑፉ ሌተር ተብሎ ከተዘጋጀ ፕሪንተሩ የሌለውን ወረቀት እየጠየቀ፣ መብራቱን እያበራ እያጠፋ ይቆማል፤ ተሰላፊውም ማሽኑ ተበላሸ ይላል። መፍትሔው ገጹን ከመጀመሪያው ኤፎር ማድረግ ብቻ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው። በቤት በደንብ የሚታይ የመመረቂያ ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍቱ ማሽን ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ የቆዩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ናቸው። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክት ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ከነዝርያው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፍለው በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ አስቀመጡት። በጊዜው ትልቅ ብልሃት ነበር። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ግን ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ኮድ ብቅ ይላል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር ሰጠው፤ በዚህ የተጻፈ አማርኛ ከስልክ እስከ ኮምፒውተር አይለወጥም። ገጹ ጭምር እንዳይናወጥ ፋይሉን ከተጻፈበት ማሽን ሳይወጣ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ መጓዝ ስለሚችል የገጽ ቁጥሩና ሰንጠረዡ እንደነበሩ ይታተማሉ።

ስካነሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለተራ ጽሑፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በቂ ነው። ነገር ግን ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ በውስጡ ቃል መፈለግ አይቻልም። ቴሰራክትን የመሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ምስሉን ወደ ጽሑፍ ይለውጣሉ፤ አማርኛም ያነባሉ፤ ሆኖም ተመሳሳይ ፊደላትን ስለሚያምታቱ ውጤቱ መታረም አለበት። ፎቶ ኮፒና ስካን በሕግም ገደብ አላቸው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማባዛትን ቢፈቅድም ሙሉ መጽሐፍን አይጨምርም።

ጽሑፍ በምስልነት መቅረቱ ይበልጥ የሚጎዳው ዓይነ ስውር ተማሪዎችን ነው። እንደ ጃውስና ኤንቪዲኤ ያሉ ስክሪን አንባቢ ሶፍትዌሮች የሚያነቡት ኮዱን ስለሆነ በፎቶ መልክ የቀረበ ገጽ ለእነሱ ባዶ ነው፤ በአሮጌ ፎንት የተጻፈውም ትርጉም የለሽ ድምፅ ይሆንባቸዋል። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን በዲጂታል ቋት እያኖሩ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱ ቋት አለው። ወደዚያ የሚገባ ሥራ ሊገኝና ሊነበብ የሚችለው ትክክለኛ ጽሑፍ ሲሆን ነው። ተመራቂው ፋይሉን ከማስረከቡ በፊት ፒዲኤፉን ከፍቶ አንድ አንቀጽ ኮፒ ያድርግና ባዶ ገጽ ላይ ይለጥፈው፤ አማርኛው እንዳለ ከወጣ ሥራው ደህና ነው፤ ዝብርቅ ከወጣ ወይም ምንም ካልተለጠፈ ግን ከማስረከቡ በፊት ይመልሰውና ያስተካክለው።